ሽቶ በሰዓት አይሰፈርም

በአዲስ አበባም ሆነ በዱባይ የሽቶ ገበያ፣ ገዢው ጠርሙሱን ወደ አፍንጫው ከማስጠጋቱ በፊት የሚያነሣው ጥያቄ «ይቆያል ወይ?» የሚል ነው፤ ሻጩም የሚመልሰው ስለ መዓዛው ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነው፤ 8 ሰዓት፣ 12 ሰዓት፣ ካስፈለገም 24 ሰዓት። ይህ ልማድ የገበያ ወሬ ከመሆን አልፎ የፍርድ ሚዛን ሆኗል። በዚህ ሚዛን ጥሩ ሽቶ ማለት ጧት ተረጭቶ ማታ የሚሸት፣ ባለቤቱ ሳይገባ መምጣቱን የሚያስታውቅ፣ ከወጣም በኋላ ክፍሉን ይዞ የሚቀር ነው፤ ከዚህ ያነሰው ሁሉ «ውኃ ነው» ተብሎ ይጣላል። ሚዛኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጥለው የዕፅዋት ሽቶን፣ ማለትም ከአበባ፣ ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከልጣጭ፣ ከእንጨትና ከሙጫ በወጡ ቅመሞች ብቻ የሚሠራውንና በቤተ ሙከራ የተቀመመ የመዓዛ ንጥረ ነገር የማይገባበትን ሽቶ ነው። ይሁንና የተጣመመው ሚዛኑ እንጂ ሽቶው አይደለም።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ግን እንዲሁ የሚናቅ ስላልሆነ በሙሉ ጉልበቱ ሊቀርብ ይገባል። ሽቶ ውድ ዕቃ ነው፤ ከደመወዙ ቀንሶ ለአንዲት ትንሽ ጠርሙስ የከፈለ ሰው፣ ከቤቱ ተነሥቶ ቢሮው ሳይደርስ መዓዛው ቢከዳው ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም። በዚያ ላይ የዕፅዋት ቅመም እንደ ዝናቡ፣ እንደ አፈሩና እንደ አዝመራው ይለዋወጣልና፣ ዘንድሮ የተወደደው ሽቶ ለከርሞ በተገዛው ጠርሙስ ውስጥ ያው ሆኖ ላይገኝ ይችላል፤ በአንዱ ቆዳ ላይ ያማረውም በሌላው ላይ ይደበዝዛል። በመጨረሻም፣ ብዙ ሰው በግልጽ እንደሚናገረው፣ የዕፅዋት ሽቶ «ሽቶ ሽቶ አይልም»፤ መድኃኒት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እርጥብ አፈር ወይም የደረቀ ሣር ይሸታል እንጂ። ተቺዎቹ ያዩት ነገር በአብዛኛው እውነት ነው። ችግሩ ያለው ካዩት ተነሥተው በሰጡት ብያኔ ላይ ነው።

ስለ ሰዓቱ ሲነሣ መቅደም ያለበት ጥያቄ «የሚቆየው ምኑ ነው?» የሚል ነው። ማንኛውም ሽቶ የብዙ ሞለኪውሎች፣ ማለትም የአንድን ንጥረ ነገር ጠባይ የሚሸከሙ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ድብልቅ ነው፤ አንድ ነገር እንዲሸት ደግሞ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ አየር መትነን አለበት። ቀላሎቹ ሞለኪውሎች ፈጥነው ይተናሉ፣ ከባዶቹ ዘግይተው ይከተላሉ። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ዋና አካል የሆነው ሊሞኒን በደቂቃዎች ውስጥ ጉልበቱን ሲያጣ፣ ፓቹሊና ሰንደል ግን ለቀናት ከጨርቅ አይለቁም። ስለዚህ አንድ ሽቶ 24 ሰዓት ይቆያል ሲባል ገዢው በመደብሩ ውስጥ የወደደው መዓዛ 24 ሰዓት ይቆያል ማለት አይደለም፤ ያ መዓዛ ምንጊዜም ከመጀመሪያው ሰዓት ብዙም አያልፍም። የሚቆየው ከሥር የተቀመጠው ከባድ ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱም በዛሬው የሽቶ ኢንዱስትሪ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ሚስክ ወይም እንደ አምብሮክሳን ያለ፣ በብዙ ሽቶዎች ሥር የሚገኝ ያው አንድ ቅመም ነው። ታዲያ ጧት ጽጌረዳ ገዝቶ ማታ ሚስክ የሚሸተው ሰው ሽቶው ቆየለት ወይስ ሄደበት? ወጡ አልቆ የድስቱ ሽታ ማጀት ውስጥ ሲቀር «ወጡ ቆየ» የሚል ባለቤት አይገኝም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ለሰዓቱ ምስክር ሆኖ የሚቆመው አፍንጫ የማይታመን መሆኑ ነው። አፍንጫ ይለምዳል፤ ሳይቋረጥ የደረሰውን ሽታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ችላ ማለት ይጀምራል። ቡና በሚቆላበት ቤት የተቀመጡት ሰዎች ሽታውን ዘንግተው ጨዋታቸውን ሲቀጥሉ፣ ከውጭ የገባው እንግዳ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ በረጅሙ ይስባል። አንገቱ ላይ ሽቶ የተቀባ ሰውም ቀኑን ሙሉ በዚያ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ነውና «ጠፋ» የሚለው ቃሉ ስለ ሽቶው ሳይሆን ስለ አፍንጫው የሚነግር ነው። በአንጻሩ ከከባዶቹ ሚስኮች አንዳንዶቹን ጨርሶ ማሽተት የማይችሉ ጤነኛ ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ የ24 ሰዓቱ ሽቶ በሁለተኛው ሰዓት ያለቀ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጠርሙስ ላይ በ22 ሰዓት ልዩነት የሚመሰክሩበት መለኪያ ምን ዓይነት መለኪያ ነው?

ደግሞም የዕፅዋት ቅመም በተፈጥሮው አጭር ዕድሜ ያለው ነው የሚለው እምነት በራሱ ስሕተት ነው። የእንግሊዙ የሽቶ ሊቅ ዊልያም ፑቸር ቅመሞችን እንደ ቆይታቸው ከ1 እስከ 100 በሚደርስ ቁጥር ሲመድብ፣ ከቁንጮው ካስቀመጣቸው መካከል ፓቹሊ፣ ሰንደልና ቬቲቨር ይገኛሉ፤ ሦስቱም ዕፅዋት ናቸው። ቬቲቨር በኢትዮጵያ አፈር እንዳይሸረሸር በየማሳው ዳር የሚተከለው ሣር ሲሆን፣ ለሽቶ የሚፈለገው ከላይ የሚታየው ቅጠሉ ሳይሆን መሬት ውስጥ የተሰወረው ሥሩ ነው። ከእነዚህ ሥሮችና እንጨቶች ብቻ ሽቶ ቢሠራ ከብዙዎቹ ዘመናዊ ሽቶዎች በላይ ይቆያል። ነገር ግን ቀማሚው ብርቱካኑን፣ አደሱንና አበባውን የሚጨምረው ፈጥነው እንደሚሄዱ እያወቀ ነው፤ ምክንያቱም መሄዳቸው ለሚቀጥለው መዓዛ ቦታ ይለቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በመንገድ መጥቀስ ያስፈልጋል። ሰው ሠራሽ ሚስክ ከመፈጠሩ በፊት ሽቶን በቆዳ ላይ ያቆዩ ከነበሩት ነገሮች አንዱ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በቀንድ ታሽጎ ይወጣ የነበረው የጥርኝ ዝባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባዱን ዋና መዓዛ፣ ሲቬቶንን፣ አጥንቶ 17 የካርቦን አተሞች ያሉት ትልቅ ቀለበት መሆኑን አሳየ፤ በኋላም በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የዕፅዋት ሽቶ ቀማሚዎች ጥርኟን በጠባብ ቀፎ ዘግቶ ዝባዷን መጥረግን ስለማይቀበሉ፣ የጥንቱን ዝባድም የዘመኑን ሚስክም በፈቃዳቸው ትተዋል። ያጡትን ቆይታ ባለማወቅ ያጡት የሚመስለው ተቺ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋውን ዐውቀው የከፈሉት ነው።

የተከፈለበት ነገር ምን እንደሆነ የሚታየው በቆዳ ላይ ነው። በቤርጋሞት፣ በኢትዮጵያ የዕጣን ዘይት፣ በጽጌረዳ፣ በከርቤና በቬቲቨር የተቀመመ፣ በእህል አልኮል የቀጠነ ሽቶ በአንጓ ላይ ሁለት ጠብታ ቢደረግ፣ በመጀመሪያ የሚሰማው የአልኮሉ ቅዝቃዜና ከእርሱ ጋር የሚፈነዳው የቤርጋሞት ልጣጭ ነው፤ ይህ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይና ይሳሳል። ከዚያ የሚወጣው ዕጣን አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው ዕጣን አይደለም። ከመተማና ከትግራይ የሚለቀመው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌልያ ፓፒሪፌራ የተባለው ዛፍ ሙጫ እንደ አረቄ በእንፋሎት ሲወጣ፣ የዘይቱን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኦክቲል አሲቴት የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እርሱም የበሰለ ፍሬንና የብርቱካን ልጣጭን የሚያስታውስ ነው። በኦማን የሚገኘው የዕጣን ዘመድ ዘይት ግን በአልፋ ፓይኒን የበለጸገ በመሆኑ ወደ ጥድ ሙጫ ያደላል። ቤተ ክርስቲያንን የሚያስታውሰው ሽታ የሚወለደው በጥናው ፍም ላይ ሙጫው ሲቃጠል ነው፤ ለመትነን የሚከብዱት የሙጫው ክፍሎች በእንፋሎት አይወጡምና በጠርሙሱ ውስጥ ጢስ የለም። እንግዲህ በአንጓው ላይ ቤርጋሞቱ ሲሄድ ዕጣኑ ፍሬያማነቱን ተቀብሎ ይቀጥላል፤ መቀባበሉ የት ላይ እንደሆነ ለይቶ ማሳየት ያስቸግራል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጽጌረዳው ይነሣል፤ ግን ሣሙና ላይ እንደሚሸተው ጽጌረዳ ለስላሳና አንድ ወጥ ሆኖ አይደለም። የጽጌረዳ ዘይት ከ300 በላይ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ግራም ዘይት ለማግኘት ከ3 እስከ 5 ቶን የሚደርስ አበባ ይጠይቃል፤ መዓዛውን ጽጌረዳ ከሚያሰኙት አንዱ ቤታ ዳማስኬኖን የተባለው ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ከ1 በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በቆዳው ሙቀት አንዴ ማር፣ አንዴ በርበሬ፣ አንዴ የደረቀ ቅጠል እየመሰለ ይወጣል። በሦስተኛው ሰዓት ገደማ ከርቤው መራራ ሆኖ ከሥር ይመጣና ጽጌረዳውን ያጠቁረዋል፤ ይህን ጊዜ ነው ብዙ ሰው «መድኃኒት ሸተተ» ብሎ የሚሸሸው፤ ግማሽ ሰዓት ቢታገሥ መራራው ከቬቲቨሩ ሥር ጋር ተዋህዶ ዝናብ የነካው ደረቅ መሬት ይመስላል። በስድስተኛው ሰዓት ሽቶው አልጠፋም፤ ወደ ቆዳው ተጠግቷል እንጂ። አቀበት ለወጣ ሰው፣ ደሙ ሲሞቅ፣ ከአንጓው ተነሥቶ አንድ ጊዜ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቆዳ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚሞቅ፣ የሚወዛና የሚያልብ ሕያው ነገር ስለሆነ ነው። በርግጥ «እያንዳንዱ ሰው የራሱ የቆዳ ኬሚስትሪ አለው» የሚለው የሻጮች ፈሊጥ ከሚገባው በላይ ተጋኗል፤ ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያመጡት የቆዳው ሙቀት፣ ድርቀቱና ወዙ ናቸው፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ ቶሎ ይሳሳል፣ ወዛም ቆዳ ይይዘዋል፣ ትንሽ ቅባት አስቀድሞ የተቀባ ደረቅ ቆዳም ወዛሙን ይተካከላል። ተቺዎቹ በአንዱ ላይ እንዲህ በሌላው ላይ እንዲያ ይሆናል የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነትነት ከመቼ ወዲህ ነው የመዓዛ ማዕርግ መለኪያ የሆነው? የትግራይ ነጭ ማርና የገተም ማር አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ያው ቀፎ እንኳ በሁለት ዓመት ሁለት ዓይነት ማር ይሰጣል፤ የይርጋ ጨፌ ቡናም የሐረርን ቡና ስላልመሰለ ተወቅሶ አያውቅም። በማርና በቡና ላይ የጥራት ምልክት የሆነው ልዩነት በሽቶ ላይ ሲደርስ ጉድለት የሚባልበት ምክንያት ሊነገር ይገባል፤ እስካሁንም አልተነገረም።

የርቀቱ ጉዳይ ከሰዓቱ ይልቅ በአጭሩ ሊፈታ ይችላል። ሽቶ ከሩቅ መሰማት አለበት የሚለው ሰው የሚናገረው በሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ከአራት ሰው ጋር ተጣብቆ፣ መስኮቱም ተዘግቶ ሄዶ የማያውቅ ይመስል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ወገን በአገሩ የነበረውን የሥራ ክፍፍል ረስቶታል። እንዲቆይና እንዲሰማ የሚፈለገው መዓዛ የሚሰጠው ለልብስ ነበር፤ ነጠላው በዕጣን ጢስ ላይ ይዘረጋል፤ በዓረብ አገሮችም ቀሚሱ ቡኹር በተባለው የሚጤስ ቅመም ይታጠናል። ለገላና ለጠጉር የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ አደስ ቅጠሉ ተወቅጦ ከለጋ ቅቤ ጋር ይለወስና ቅቤው መዓዛውን ጠጥቶ በአናት ላይ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ይህ ጥበብ በፈረንሳይ ግራስ ከተማ ቀማሚዎች የጃስሚን አበባን በስብ በተቀባ መስተዋት ላይ እየደረደሩ መዓዛውን በስቡ ያስጠጡበት ከነበረው ዘዴ ጋር መሠረቱ አንድ ነው፤ ስብ መዓዛን ይይዛል። አደስ የተቀባች ሴት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል፣ በበሩ የገባው አይሰማውም፤ ቅቤውን «ደካማ» ብሎ የተቸ ሰው ግን ተሰምቶ አይታወቅም።

«ሽቶ ሽቶ አይልም» ለሚለው ክስ ደግሞ መልሱ የሚገኘው በልብስ ሣሙናው ውስጥ ነው። ኬሚስቱ ዊልያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1868 ኩማሪን የተባለውን የመዓዛ ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ከሠራ በኋላ፣ በ1882 የወጣው ፉዤር ርዋያል የተባለው ሽቶ ይህንኑ ንጥረ ነገር ተጠቀመ፤ በ1888 አልበርት ባውር ሰው ሠራሽ ሚስክን አገኘ፤ በ1921 ደግሞ ኤርነስት ቦ ሻኔል ቁጥር 5 የተባለውን ሽቶ አልዲሃይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ጨምሮ ሠራ። እነዚህ ታላላቅ ሥራዎች ናቸውና ክርክሩ ከኬሚስትሪ ጋር አይደለም። ነገር ግን በ1960ዎቹ የተሠራው ጋላክሶላይድን የመሳሰለው ሚስክ በውኃ ስለማይሟሟና ከጨርቅ ስለማይለቅ ወደ ልብስ ሣሙናና ማለስለሻ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ በንጹሕ አልጋ ልብስ ያደገ አፍንጫ «ንጹሕ ሽታ» የሚለው ይህንኑ ሚስክ ነው። «ሽቶ ሽቶ የሚለው» መዓዛ እንግዲህ ከዘላለም የነበረ ሕግ ሳይሆን፣ ከአንድ የሰው ዕድሜ ብዙም ያልበለጠ የሣሙና ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ከርቤን መድኃኒት ነው ብሎ መናቅ፣ ጌሾን ስላላወቀ ጠጅን መራራ ነው እንደሚል እንግዳ መሆን ነው።

ይሁንና የዕፅዋት ሽቶ ከጠላቶቹ ይልቅ በወዳጆቹ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው መከላከያ ሐሰት ነው። በቤርጋሞት ልጣጭ ዘይት ውስጥ ያለው ቤርጋፕተን ፀሐይ ሲነካው ቆዳን ያቃጥላል፤ ስለዚህም ነው ጠንቃቃ ቀማሚዎች ንጥረ ነገሩ የወጣለትን ዘይት የሚመርጡት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ያገዳቸው አትራኖልና ክሎሮአትራኖልም ቆዳን የሚያስቆጡ፣ በኦክ ዛፍ ላይ ከሚበቅለው የዛፍ ሽበት የሚገኙ ፍጹም ተፈጥሯዊ ነገሮች ናቸው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አካባቢን አይጎዳም» የሚለውም ከዚህ አይሻልም፤ ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለው መጽሔት በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች በሚገኙት የቦስዌልያ ፓፒሪፌራ ደኖች በከብት ግጦሽ፣ በእሳትና በተደጋጋሚ መድማት ምክንያት ወጣት ዛፍ እየታጣ ስለሆነ፣ አያያዙ ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። የዕፅዋት ሽቶን በንጽሕናው የሚያወድስ ሰው ይህን ሲሰማ የሚመልሰው የለውም፤ በመዓዛው የሚያወድሰው ግን ክርክሩ አይናጋበትም፤ እንዲያውም ጥቂት ጠብታ በቂ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከዛፉ የሚፈልገው ያነሰ ነው።

የገንዘቡ ጥያቄ ይቀራል። እዚህ ላይ ተቺዎቹ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ የዕፅዋት ሽቶን «ቀኑን ሙሉ ይቆያል» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ውሸታም ነውና ገዢው ገንዘቡን ቢጠይቅ መብቱ ነው። ሌላው ግማሽ ግን አልቀረበም፤ የሦስት ቶን አበባ ድካም በሰዓት ተካፍሎ «ለአንድ ሰዓት ስንት ብር ወጣ» ሲባል፣ ሽቶ እንደ ኤሌክትሪክ ቆጣሪ ተነበበ ማለት ነው። ገዢው የከፈለው ለስድስት ሰዓት ሽታ ሳይሆን፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ለተፈራረቁት አምስት ፊቶች ነው፤ ምሽት ላይ እንደገና ቢፈልገው ሁለት ጠብታ ይበቃዋል፤ ታሪኩም ከቤርጋሞቱ ይጀምርለታል።

መደብሮቹ ለመፈተኛ የሚሰጡት ወረቀት ግን አይሞቅም፣ አያልብም፣ አይወዛም፤ ሚስኩ በወረቀቱ ላይ ሲፎክር የዕፅዋቱ ሽቶ ተራው ሳይደርስ ተፈርዶበት ይወጣል። «ይቆያል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ ሊሰጠው የሚገባው መልስ የሰዓት ቁጥር አይደለም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ እጅጌውን ማስጠቅለል፣ በአንጓው ላይ ሁለት ጠብታ ማድረግ፣ ከዚያም ዋጋ ሳይነግሩ ወደ ውጭ ማስወጣትና ከርቤው ሲደርስ እንዲመለስ መንገር ነው።